የኩኽኑ ቀማሽ

ሊጡ ኩፍ ብሎ የተሸፈነበትን ፎጣ ወደ ላይ ገፍቶታል። ይመኙሻል ጎንበስ አለችና የፎጣውን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ ጣቷን ከሊጡ ዳር ጫን አድርጋ አነሣች። ጉድጓዱ ቀስ እያለ ተመልሶ ሞላ። እርሾው ሠርቷል ማለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ጭንቀት ትንሽ ቀለል አላት።

«አትነካኪው» አሉ ሚስስ ብራንት ከወንበራቸው ሳይነሡ። «ሊጥ ሰው ሲያየው ያፍራል።»

«አልነካሁትም።»

«ነክተሽዋል፤ አይቼሻለሁ።»

ዓይናቸው ዛሬ ደህና ነው። አእምሯቸውም ደህና ነው። ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ቀኑ ማክሰኞ መሆኑን፣ የገናቸው ዋዜማ መሆኑን፣ ልጆቻቸው በአሥር ሰዓት እንደሚመጡ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናግረዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን በሌሊት ልብስና በነጠላ ጫማ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄደው ነበር። በረዶ ላይ ቆመው፣ ከሞተ አራት ዓመት ያለፈውን ባላቸውን ከሥራ ሲመለስ ለመቀበል ሲጠብቁ ያገኛቸው ፖስታ አዳዩ ነው። የምትንከባከባቸው ይመኙሻል ያን ጊዜ ምድር ቤት ልብስ ታጥብ ነበር።

ዲተርን ያመጣው ይኸው ነገር ነው። ዲተር የሚስስ ብራንት የበኩር ልጅ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ መሐንዲስ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለመጥላት እንኳ ይመች ነበር። ካፖርቱን ሳያወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ የአረጋውያን ማደሪያ ክፍል መገኘቱን ነገራት። እስከ አዲስ ዓመት ካልፈረመ ክፍሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«እሳቸው ከዚህ ቤት ከወጡ ይሞታሉ» አለችው።

«እዚህ ከቆየችም በረዶ ላይ ትሞታለች።»

ይኼኔ ነው ማንም ሳይጠይቃት ያን ቃል ያወጣችው። «ገናን ይጠብቁ። ኩኽኑን እንደ ዱሮው ራሳቸው ይጋግራሉ፤ እኔ እጄን አላስገባም። እጃቸው ያን ካልረሳ ገና አሉ ማለት ነው። መጥተው ይዩና ይፍረዱ።»

ዲተር ጓንቱን አሻሸ። «እሺ» አለ። «በዓሉ በደህና ካለፈ እስከ ጸደይ እንተወዋለን።»

እንግዲህ አንዲት አሮጊት ከገዛ ቤቷ ትውጣ ወይስ ትቅር የሚለውን ነገር አንድ ትሪ ኩኽን ላይ የጫነችው ይመኙሻል ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ካለው አፓርታማዋ ወጥታ፣ በአውቶቡስና በባቡር ኢቶቢኮ ሚስስ ብራንት ቤት እስክትደርስ ድረስ በልቧ የምታቦካው ያንኑ ሊጥ ነበር።

ኩኽን የሚሉት ነገር ሲያዩት ከዳቦ ብዙም አይርቅም። ወተትና እንቁላል የገባበት የእርሾ ሊጥ ትሪ ሙሉ ይዘረጋል፤ ለሁለት የተገመሰ ፕለም የሚሉት ሐምራዊ ፍሬ እንደ ቤት ክዳን እየተነባበረ ይደረደርበታል፤ ከዚያ ቅቤ፣ ዱቄትና ስኳር በጣት ታሽቶ ፍርፋሪው ይነሰነስበታል። ብራንቶች በዓመት አንድ ቀን፣ በገና ዋዜማ ብቻ ነው የሚጋግሩት። አገራችን ሳለን፣ በዓለም ጦርነቱ ማግስት፣ ፍሬ የሚባል ነገር ሲጠፋ በካሮት ጋግረነዋል ይላሉ ሚስስ ብራንት፤ ቀኑን ግን አላሳለፍነውም። ለዘንድሮው ሁለቱ ሴቶች መስከረም ላይ ሁለት ሣጥን ፕለም ፍሬውን እያወጡ በጠርሙስ አሽገው ምድር ቤት ደርድረዋል። የይመኙሻል የጣቶቿ ጫፍ ለሳምንት ሐምራዊ ሆኖ ሰነበተ።

ደንብም አለው። የምትጋግረዋ ሴት አትቀምስም። ፍርፋሪው ሲታሽ የቤቱ ታናሽ ይጠራና ከጋጋሪዋ ጣት ላይ ይቀምሳል፤ እውነቱንም ይናገራል። ማሞጋገስ ክልክል ነው። ለብዙ ዓመት ቀማሿ የዲተር ታናሽ እህት ሬናተ ነበረች። እሷ አድጋ ቫንኩቨር ስትሄድ ባልየው ያለ ዕድሜው ታናሽ ሆኖ ቦታዋን ያዘ። እሱም ሞተ። የሚስስ ብራንት ምላስ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ከያዛቸው ሕመም ወዲህ ጣዕም አይለይም፤ ሻይና ሾርባን የሚለዩት በዓይናቸው ነው።

ሊጡን ጠዋት ሲያቦኩት ይመኙሻል ቃሏን ጠብቃ ቆማ ነበር። ከከረጢት የቀረችውን ስኳር ለክታ ማቀበሏ እንደ መጋገር አይቆጠርም። ሚስስ ብራንት ፉርኖ ዱቄቱን መሐሉን ጎድጎድ አድርገው ለብ ያለውን ወተት ሲያፈሱ፣ እርሾውን ሲበትኑ፣ ሊጡን አንሥተው ጠረጴዛው ላይ ሲያጋጩት አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናበሩም። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ክንዳቸው ላይ ያለው ቆዳ ይንቀጠቀጣል፤ እጃቸው ግን የት እንደሚሄድ ያውቃል። ይመኙሻል እያየቻቸው ተመስገን አለች በሆዷ።

ወጥ ቤቱም ተዘጋጅቶላቸዋል። ትናንት ለበዓሉ ብላ መደርደሪያውን ሁሉ አውርዳ አጥባ፣ ያረጀውን የመደርደሪያ ወረቀት ቀይራ፣ ዕቃውን በየቦታው መልሳለች። ጽሑፋቸው ከመታጠብ ብዛት የጠፋው ሁለቱ መንትያ ሰማያዊ ቆርቆሮዎች፣ የስኳሩና የጨው ማስቀመጫዎቹ፣ ጎን ለጎን ሆነው ያብረቀርቃሉ።

«ደረጃውን በረዶ ዘግቶታል» አሉ ሚስስ ብራንት በመስኮት እያዩ። «ሬናተ በከተማ ጫማ ነው የምትመጣው። ትወድቅብኛለች።»

ይመኙሻል አካፋውን ይዛ ወጣች። ሩብ ሰዓት አይሞላም የቆየችው። በረዶው ቀላል ነበር። የእንግዶቹ መኪና የሚቆምበትን ሳይቀር ጠርጋ፣ እጇን እያማታች ስትመለስ ሚስስ ብራንት የግራውን ቆርቆሮ ክዳን እየገጠሙ አገኘቻቸው። ጎድጓዳው ሣህን ውስጥ ፍርፋሪው ታሽቶ አልቋል። ፊታቸው ፈክቷል።

«ነይ» አሉ። አመልካች ጣታቸው ጫፍ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ፍርፋሪ ተቀምጣለች። «በዚህ ቤት ታናሿ አንቺ ነሽ። ቅመሺና ፍረጂ።»

ይመኙሻል ባለችበት ቆመች። እዚህ አገር ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንም እንዲህ ያለ ቦታ አልሰጣትም። ጣቷን ሲያዩ የሚያቅማሙ ሰዎች ቤት ሠርታለች። እኚህ ሴትዮ ግን የልጃቸውንና የባላቸውን ቦታ በጣታቸው ጫፍ አድርገው ዘረጉላት።

ግን የነቢያት ጾም ነው። የእሷ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ፍርፋሪው ደግሞ ግማሹ ቅቤ ነው። ይኼ ብቻ ቢሆን ምናልባት፤ ግን ስለትም አለባት። የአሥር ዓመት ልጇን አዲስአለምን ካርቱም እህቷ ዘንድ ትታ አውሮፕላን ስትሳፈር፣ ከልጄ ጋር አንድ ገበታ እስክቀርብ ድረስ አንድም ጾም አልሽርም ብላ ለእመቤታችን ተስላለች። ልጅቷ እናቷ ዘንድ እንድትመጣ የሚደረገው የቪዛ ቃለ መጠይቅ በሚቀጥለው ወር ነው። ሁለት ዓመት ያህል የተጠበቀ ነገር አሁን፣ በር ላይ ሲደርስ፣ በባቄላ ፍሬ ይፍረስ?

«እጾማለሁ፣ ሚስስ ብራንት። ቅቤ አልቀምስም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጣታቸው ጥቂት ጊዜ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ፍርፋሪዋን መልሰው ሣህኑ ውስጥ ጣሏት።

«ግድ የለም» አሉ። «እጄ ያውቀዋል።»

ፕለሙን ደረደሩ። ፍርፋሪውን ነሰነሱ። ትሪው ምድጃ ገባና ብዙም ሳይቆይ የእርሾው፣ የቅቤውና የቀረፋው ሽታ ቤቱን ሞላው። ይመኙሻል ጾመኛ አፍንጫዋን ይዛ ልትሸሸው አልፈለገችም፤ ሽታው ልክ ነበር። ጨው ሽታ የለውም። በምድጃው መስተዋት ስታይ ፍርፋሪው ገርጥቷል፤ ሚስስ ብራንት ሲያወሩለት እንደሰማችው ወርቃማ አልሆነም። ምድጃው አርጅቷል ብላ አምስት ደቂቃ ጨመረችበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። መኪያ ናት፣ አፓርታማውን የምትጋራት ጓደኛዋ።

«ስንቴ ኮል አደረግሁልሽ፤ ላይኑ ቢዚ ነው። እንዴት ሆናችሁ? ሴትዮዋ ማኔጅ አደረጉ?»

«ምድጃ ውስጥ ነው። አምሮበታል» አለችና ይመኙሻል ድምፅዋን ቀነሰች። «ቅመሺልኝ ቢሉኝ እንቢ አልኳቸው፣ መኪያ። አሳዘኑኝ።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? ጾም ነዋ።»

«እቴ፣ እኛኮ በረመዳን እንኳ ወጥ የምትሠራ ሴት በምላሷ ጫፍ ነክታ እንትፍ ትላለች። ካልዋጠችው ጾሟን አያበላሽም ይሉናል። ቤት ሙሉ ሰው የሚበላው ነገር ሳይቀመስ ይቀርባል እንዴ? ሪስክ ነው የወሰድሽው።»

ይመኙሻል ስልኩን ዘግታ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። ከሣህኑ ጥግ የተረፈ ፍርፋሪ ይኖር እንደሁ ብላ አየች። ሚስስ ብራንት አጥበው ደፍተውታል።

እንግዶቹ በሰዓታቸው መጡ። ሬናተ እውነትም በከተማ ጫማ ነበር የመጣችው፤ እናቷን አቅፋ ብዙ ቆየች። ዲተር የእጅ ቦርሳውን ኮሪደሩ ውስጥ ከወንበር ሥር አስቀመጠው። ይመኙሻል ቦርሳውን አየችው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለች።

ሚስስ ብራንት ንጹሕ ነጭ ሽርጣቸውን ታጥቀው ኩኽኑን ራሳቸው ቆረጡት፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቁራሹ እኩል እኩል። የሬናተን ጫማ ነቀፉ። ስለ ዲተር ሚስት ጉንፋን ጠየቁ። ስም አልተምታታባቸውም። ዲተር ሣህኑን ተቀብሎ ሲያሸት ፊቱ ሕፃን መሰለ። «ማማ፣ ልክ እንደ ዱሮው ነው» አለና ቀና ብሎ ይመኙሻልን አያት፤ ራሱንም ነቀነቀላት። እሷ በሩ ደፍ ላይ ቆማ ነበር። አለቀ፣ አለች በልቧ። እስከ ጸደይ።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጎረሱ።

ሬናተ ማኘኳን አቆመች። ዲተር እንደ ምንም ዋጠና ውኃውን አንሥቶ እስከ ሥሩ ጠጣው። በዚህ ቤት ኩኽን ማሞጋገስ ክልክል ነው፤ ዛሬ ግን ያ ደንብ ባይኖር ምን ነበረበት። ሚስስ ብራንት ሹካቸውን ይዘው አንዴ የልጃቸውን፣ አንዴ የሴት ልጃቸውን ፊት ያያሉ።

«ምንድን ነው?»

«ጨው ነው፣ ማማ» አለች ሬናተ፤ እንባዋም ወረደ።

«ጨው?» ሚስስ ብራንት ከራሳቸው ቁራሽ ቆርሰው አፋቸው ከተቱ፤ አኘኩ፤ ምንም አላገኙበትም። ከዚያ ሹካውን አስቀምጠው ጣቶቻቸውን ዘርግተው አዩዋቸው። «ከግራው ነው የወሰድኩት። ስኳሩ ሁልጊዜ ከግራ ነው።»

«አዎ ማማ» አለ ዲተር፤ ለትንሽ ልጅ በሚወራበት ድምፅ። «ስኳሩ ከግራ ነው።»

ይመኙሻል ከደፉ ላይ ዞረች። ወደ ወጥ ቤት እንዴት እንደገባች አታውቀውም። የግራውን ቆርቆሮ ከፈተች፤ ዱቄት የመሰለ የደቀቀ ነጭ ነገር። ጣቷን ነክራ ምላሷ ላይ አደረገችው። ጨው ነው። ትናንት፣ መደርደሪያውን ስትመልስ፣ ሁለቱን ቆርቆሮዎች አቀያይራ ያስቀመጠቻቸው ራሷ ናት። አርባ ዓመት ከግራ የኖረውን ስኳር ቀኝ አደረገችው። የአሮጊቷ እጅ አልተሳሳተም፤ አንዲት ስንዝር ሳያዛንፍ የሚያውቀው ቦታ ሄዷል። የረሳ እጅ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ስኳሩን ያገኘው ነበር።

እጆቿ ከሐሳቧ ቀደሙ። ሁለቱን ቆርቆሮዎች አነሣችና ስኳሩን ወደ ግራ፣ ጨውን ወደ ቀኝ መለሰቻቸው። የዕቃ ጥፋት ሲታይ ቶሎ ማስተካከል፣ በየሰው ቤት ስትሠራ የለመደችው ነገር ነው። ዲተር የተረፉትን ሣህኖች ይዞ ሲገባ እጇ ገና ከመደርደሪያው አልወረደም።

«እሳቸው አይደሉም» አለችው። «እኔ ነኝ። ትናንት ሳጸዳ ቆርቆሮዎቹን አቀያየርኩ። እሳቸው ሁልጊዜ ከሚወስዱበት ነው የወሰዱት።»

ዲተር ሣህኖቹን አስቀመጠ። ሰውየው መሐንዲስ ነው፤ ዝም ብሎ አያምንም፤ ዝም ብሎም አይክድም። የግራውን ቆርቆሮ አወረደ፣ ከፈተ፣ በጣቱ ቀመሰ።

«ስኳር ነው» አለ።

«አሁን ነው የመለስኩት።»

«አሁን?»

«አሁን። እርስዎ ከመግባትዎ በፊት።»

ንግግሯ ለራሷ ጆሮ እንኳ ውሸት መሰለ። ዲተር ክዳኑን በጥንቃቄ ገጥሞ ቆርቆሮውን ቦታው አኖረው። ቢቆጣት ትከራከረው ነበር። እሱ ግን ትከሻዋን በቀስታ ነካ አደረጋት።

«ይመኙሻል፣ እናቴን እንደምትወጂ አውቃለሁ። ማንም ቢሆን ይህን ይላል። ስለ ሥራሽ አታስቢ፤ ጥሩ የምስክር ወረቀት እጽፍልሻለሁ።»

«እውነቴን ነው የምነግርዎት።»

«አውቃለሁ» አለ፤ የማያምን ሰው አነጋገር ነበር። ወጣና ከኮሪደሩ ቦርሳውን ሲያነሣው ሰማች። ቀጥሎ ሳሎኑ በር ገርበብ አለ፤ የወንድምና የእህት ሹክሹክታ፤ ከዚያ የቦርሳው መቆለፊያ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አለ።

ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ ማልቀስ አማራት። አላለቀሰችም፤ ሚስስ ብራንት ግድግዳውን እየተደገፉ ገቡ። በአንድ እጃቸው አንድ ቁራሽ ኩኽን ያለበት ሣህን ይዘዋል። ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ውጭው እየጨለመ ነው፤ መስኮቱ ላይ የሁለቱም ፊት መታየት ጀምሯል።

ይመኙሻል ከፊታቸው ተንበረከከች። «እጅዎ አልተሳሳተም፣ ሚስስ ብራንት። ቆርቆሮዎቹን ያቀያየርኳቸው እኔ ነኝ። ይስሙኝ። እጅዎ አልረሳም።»

አሮጊቷ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው አሳረራት።

«ሬናተም እንዲህ ነበረች» አሉ። «ትንሽ ሳለች እኔ ብርጭቆ ስሰብር፣ አባቷ እንዳይቆጣኝ ብላ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት ትል ነበር። ደግ ልጅ ነሽ።»

«በልጄ እምላለሁ።»

«አትማዪ።» ከኩኽኑ ላይ ፍርፋሪ ቆንጥረው በአመልካች ጣታቸው ጫፍ ዘረጉላት። «እነሱ እንዲያ የሆኑት አዝነውልኝ ይሁን ፈርተውልኝ አላወቅሁም። እኔ ደግሞ ጣዕሙ አይሰማኝም። ታናሿ አንቺ ነሽ። ቅድም እንቢ አልሽኝ፤ አሁን ቅመሺና እውነቱን ንገሪኝ።»

ይመኙሻል ካርቱም ያለችውን ልጅ አሰበች። ሁለት ዓመት የጠበቀችውን አሰበች። ቅድም ይህንኑ ጣት ብትቀበል ኖሮ ጾሟ ይፈርስ ነበር፣ እኚህ ሴትዮም ቤታቸው ይቀሩ ነበር። አሁን ስለቱም ይፈርሳል፣ እሳቸውም ይሄዳሉ። ጣፋጭ ነው ብትል ውሸት መሆኑን ከሁለቱ ልጆቻቸው ፊት አንብበውታል። እንቢ ብትል ደግሞ ጣቱ እንደ ቅድሙ አየር ላይ ሊቀር ነው፤ ያን ሁለተኛ ማየት አልቻለችም።

አፏን ከፈተች።

መጀመሪያ ቅቤው ምላሷ ላይ ቀለጠ። ከዚያ ጨው መጣ፣ ዓይን የሚያስጨፍን። ሳትተፋው ዋጠችው።

«እሺ?» አሉ ሚስስ ብራንት።

«ጨው ነው» አለች።

ራሳቸውን በዝግታ ነቀነቁ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው የሽርጣቸውን ቋጠሮ ሳያዩ፣ ሳይሳሳቱ፣ በአንድ ጊዜ ፈቱት። ሽርጡን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አራት አጠፉትና ይመኙሻል እጅ ላይ አኖሩት።